በዛጎል ውስጥ የተሰወረው ዘር

የባሕር ውሃ ሲሞላ በሚሸፍናቸው፣ ሲጎድል ደግሞ ለፀሐይና ለነፋስ በሚያጋልጣቸው ዐለቶች ላይ ፖርፊራ የተባለ ቀይ የባሕር አረም ይበቅላል። ጃፓኖች ከዚህ ወገን የሆነውን አረም ኖሪ ይሉታል፤ እንደ ወረቀት አድርቀውም ከሩዝ ጋር ይመገቡታል።

በቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ የሚኖሩ አርቢዎች ከ300 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ቅርንጫፍ በባሕሩ ዳርቻ እየተከሉ ኖሪን ሲያበቅሉ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ዘሩ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም። አረሙ በሙቀቱ ወራት ይጠፋል፤ ብርዱ ሲቃረብ ተመልሶ ይታያል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምርቱ ባሽቆለቆለ ጊዜም አርቢው ባሕሩ የሚሰጠውን ከመጠበቅ በቀር ሌላ ዘዴ አልነበረውም።

ምስጢሩ የተገለጠው ግን በእንግሊዝ አገር ነው። ካትሊን ድሩ በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ መምህርት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1928 ትዳር ሲመሠርቱ፣ ዩኒቨርሲቲው ያገቡ ሴቶችን በመምህርነት ስለማይቀጥር ሥራቸውን አጡ፤ ሆኖም ያለ ደመወዝ ምርምራቸውን ቀጠሉ። የፖርፊራን ዘር በባሕር ውሃ ውስጥ ከዛጎል ጋር ቢያኖሩት፣ ዘሩ ዛጎሉን ሰርስሮ በመግባት እንደ ክር የቀጠነ ቀላ ያለ አካል ሆነ። ይህም ሊቃውንት ኮንኮሰሊስ ብለው ሰይመው፣ ራሱን የቻለ ሌላ ዝርያ ነው ሲሉት የቆዩት ነበር። ሁለቱ የአንድ ተክል ሁለት የዕድሜ ደረጃዎች መሆናቸውን ድሩ እ.ኤ.አ. በ1949 ኔቸር በተባለው መጽሔት ገለጡ።

ይህን ግኝት የኪዩሹ ዩኒቨርሲቲው ሶኪቺ ሴጋዋ ለጃፓኑ ኖሪ አዋሉት፤ በኩማሞቶ ደግሞ ፉሳኦ ኦታ ዘሩን በሰው እጅ የማዘጋጀቱን ዘዴ አዳበሩ። በ1950ዎቹ ዓመታት አሠራሩ ተስፋፋ። ዘሩ በገንዳ ውስጥ በተደረደሩ የኦይስተር ዛጎሎች ላይ ያድጋል፤ የውሃው ሙቀት ሲቀንስና የብርሃኑ ሰዓት ሲያጥር ከዛጎሉ ወጥቶ በመረብ ላይ ያርፋል፤ መረቡም ወደ ባሕር ይወሰዳል። በዕድል ላይ ተመሥርቶ የነበረው ሥራ በዚህ ዓይነት በስሌት የሚመራ ኢንዱስትሪ ሆነ።

ድሩ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲያርፉ የጃፓንን ምድር አልረገጡም ነበር። አርቢዎቹ ግን እ.ኤ.አ. በ1963 በኡቶ ከተማ፣ የአሪያኬን ባሕር ቁልቁል በሚመለከት ስፍራ የመታሰቢያ ሐውልት አቆሙላቸው፤ በየዓመቱም ሚያዝያ ወር ላይ ያስቧቸዋል። ድሩ ሲመራመሩ ገበያን አላሰቡም፤ የአንድን አረም ሕይወት ከሥሩ ለማወቅ ብቻ ደከሙ። በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የሚገኙ አርቢዎች እንጀራ የተገኘው ከዚሁ ድካም ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ማለት ይህ ነው።