የግሪክ ፊደል በእድራችን መዝገብ



በጽሕፈት ሥራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ማንበብ ግን እወዳለሁ። ዘንድሮ የማቀርብላችሁ የጥንት ሰዎች የግሪክን ቋንቋ ተምረው ምን እንደ ሠሩበት ነው። «ይህ ከነገሌ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሰኝ።

ታላቁ እስክንድር በ323 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከሞተ በኋላ ግሪክኛ በግብጽና በሶርያ የመንግሥትና የንግድ ቋንቋ ሆኖ ቀረ። በግብጽ በእስክንድርያ ከተማ ብዙ አይሁድ ይኖሩ ነበር። ልጆቻቸው ግሪክኛ እየተናገሩ አደጉ፤ የአባቶቻቸውን ዕብራይስጥ እየረሱ ሄዱ። ታዲያ አባቶች ምን አደረጉ? ሕጋቸውን በልጆቹ ቋንቋ ተረጐሙላቸው። ሰብዓ ሊቃናት ተረጐሙት የሚባለው መጽሐፍ ይኸው ነው፤ ሥራው የተጀመረውም በሦስተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ክርስቶስ ነው።

መጽሐፈ ሲራክም እንዲሁ ነው። አያትየው በዕብራይስጥ ጻፈው። የልጅ ልጁ በ132 ቅድመ ክርስቶስ ገደማ ወደ ግብጽ ወርዶ ወደ ግሪክኛ መለሰው። ቃል ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሄድ ኃይሉ እንደሚቀንስ በመቅድሙ ገልጾ አንባቢውን ይቅርታ ይጠይቃል። ጉድለቱን እያወቀ ግን ሥራውን አልተወም።

ፊሎን የተባለው የእስክንድርያ አይሁድ ሊቅ ደግሞ መጻሕፍቱን የጻፈው በግሪክኛ ነው። የከተማው አይሁድ በተጠቁ ጊዜ ግን የመልእክተኞች አለቃ ሆኖ ሮም ድረስ ሄዶ ስለ ወገኖቹ አቤት ያለ እሱ ነው። የሌላ ሰው ቋንቋ ማወቁ ከወገኑ አልለየውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዞስካለስ የሚባል የቀይ ባሕር ዳርቻ ንጉሥ ግሪክኛ ማንበብና መጻፍ ያውቅ እንደ ነበር በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈ የመርከበኞች መጽሐፍ ይናገራል። በአራተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና በቤጃዎች ላይ ስለ ተደረገው ዘመቻ፣ ኋላም ከብት ሰጥቶ በሌላ አገር እንዳሰፈራቸው፣ በአክሱም ድንጋይ ላይ አስቀረጸ። ያስቀረጸውም በግሪክኛ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደል ነው። አገሬውም እንግዳውም በየፊደሉ እንዲያነበው ይመስለኛል። ብሉይ ኪዳንም ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከዚያው ከሰብዓ ሊቃናት ግሪክኛ ነው። ወንጌል፣ ጳጳስ፣ ዲያቆን የምንላቸው ቃላት ሥራቸው ግሪክ ነው።

የእድራችንን መዝገብ ተራ ቁጥር በግዕዝ ነው የምጽፈው። የግዕዝ ቁጥር ደግሞ ከግሪክ ፊደል የመጣ ነው፤ ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፲ ከዮታ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ልጆቻችን ኦሮምኛ የሚማሩበት ቁቤ የላቲን ፊደል ነው፤ ሶማሊኛውም እንዲሁ። ላቲኑም ከግሪክ ፊደል የወረደ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ባዕድ አይደሉም፤ በግሪክ በኩል ይዛመዳሉ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ዓመት አንድ አባላችን አርፎ፣ ጡሩምባ ነፊው ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው ብሎ ለፍፎ ነበር። ኋላ ሰዓቱ ወደ ስድስት ተለወጠ። እኔም በአማርኛ አንድ ወረቀት ጽፌ በር ላይ ለጠፍኩ። የሟቹ የልብ ጓደኛ አማርኛ ይሰማል እንጂ ፊደሉን አያነብም፤ የተማረው ቁቤ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ አፈሩ ተመልሶ፣ ሰዉ ተበትኖ አገኘ። እኔ ደግሞ ስሙን ከቀሪዎች ጋር ለቅጣት መዝግቤዋለሁ! ወደ እኔ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ወረቀቱን የጻፍከው ለማን ነበር?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እዚህም የማምነው ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የዚያ አባል ቅጣት ይሰረዝ። ሁለተኛ፣ የቀብር ማስታወቂያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይለጠፍ። ከየቤታችን አንድ ተማሪ ብንጠራ ሥራው የሩብ ሰዓት ነው፤ ልፋቱ ኢዛና ድንጋይ ካስፈለፈለበት አይበልጥም።

በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን አባሎቻችንን ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማርልን። ለቀረነውም ጤናና ፍቅር ይስጠን።