ሸክምና የመወሰን ሥልጣን፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር የሥራ ጫና ከታሪክ አንጻር



የሥራ ጫናና የመምህር የሥራ ውጤት ጉዳይ ዘወትር ለሥነ ልቦናና ለሥራ አመራር ጥናት ይተዋል። እኔ ግን ታሪክም የሚናገረው አለው ብዬ አምናለሁ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ካራሴክ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሠራተኛን ይበልጥ የሚጎዳው የሚጠየቀው ሥራ እየበዛ የመወሰን ሥልጣኑ ሲያንስ መሆኑን አስረድቷል። በዚህ መለኪያ የራሳችንን ታሪክ እንመልከት።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት 33 ተማሪዎች ነበሩት። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ትምህርት ተቋርጦ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። በ1985 ዓ.ም. 42 መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተሰናበቱ፤ የቀዶ ሕክምናው ምሁር ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። በእነዚህ ዓመታት ዋናው ጭንቀት ከተማሪ ብዛት ይልቅ ነገ በሥራ ላይ መኖርን ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ጫናው መልኩን ለወጠ። በ1980ዎቹ ማብቂያ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 ይበልጣሉ። እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ ላይ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከተማሪው 70 በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር የወሰነውም መንግሥት ነው። መምህሩ የጭነት መኪና በሚበዛበት የቃሊቲ መንገድ አልፎ ይመጣል፤ ያስተምራል፣ ያማክራል፣ ይመራመራል፣ የማኅበረሰብ አገልግሎትም ይሰጣል። ስንት ተማሪ እንደሚመደብለት ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ስም ዝርዝሩ ሲደርሰው ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በርካታ መምህራን የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ፣ የኑሮው ሸክም በሥራው ላይ መደረቡ በአደባባይ ታየ።

የደመወዙንም የሰዓቱንም ክብደት አላቃልልም። ነገር ግን ደመወዝ ቢሻሻል እንኳ ውሳኔው ሁሉ ከላይ የሚወርድ ከሆነ ጭንቀቱ አይነቀልም። ዋጋውን የሚከፍለውም መምህሩ ብቻ አይደለም፤ ሳይነበብ የሚመለስ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በጥድፊያ የሚታረም ፈተና የተማሪው ዕጣ ነው። አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለአካዳሚክ ነፃነት ዕውቅና ሰጥቷል። እንግዲህ የመምህሩን ውጤት በምንመዝንበት ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር እላለሁ፦ በዚህ ዓመት ስለ ሥራው ከተወሰኑት ጉዳዮች በስንቱ ላይ ተጠይቋል?