የበረዶ ሰሌዳ ዝላይና ተንቀሳቃሽ ሥዕል፤ መምህሩ በሩቅ የሆነበት ትምህርት ታሪክ

የአንድ ሙያ ዕድገት የሚለካው በተገኘው አዲስ ነገር ብዛት ብቻ አይደለም፤ የተገኘው ነገር ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው በሚተላለፍበት መንገድም ጭምር ነው። በጽሑፍና በንድፍ የሚተላለፍ ዕውቀት አለ፤ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ከመቶ ዓመት በፊት የኖረውን የሙያ ባልደረባውን ስሌት አንብቦ ሊሠራበት ይችላል። በሰውነት የሚፈጸም ጥበብ ግን በወረቀት ላይ በቀላሉ አይሰፍርም። ጎበዝ ዋናተኛ የሚያውቀውን ሁሉ በቃል ቢዘረዝር፣ ሰሚው ወደ ባሕር ሲገባ ከመስጠም አይድንም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጥበብ ለብዙ ዘመናት ከመምህር ፊት ቆሞ ከመታረም በቀር ሌላ መተላለፊያ አልነበረውም።

ይህን ልማድ የለወጠው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። ለውጡ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ወሰኑም የት ላይ እንደ ቆመ ለመረዳት ስኖውቦርድ የተባለው የበረዶ ሰሌዳ ስፖርት፣ በተለይም ፍሪስታይል የሚባለው የዝላይና የሽክርክሪት ክፍሉ፣ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስፖርተኛው ሁለቱን እግሮቹን በአንድ ሰሌዳ ላይ በጎን አስሮ በረዶ በለበሰ ቁልቁለት ይንሸራተታል፤ ከበረዶ ከተሠራ ጉብታ ላይ ተወርውሮም በአየር ላይ ይሽከረከራል። ስፖርቱ ዕድሜው አጭር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መምህር ያልነበረው፣ የስሕተቱም ዋጋ በአጥንትና በአንጎል የሚከፈል ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሥዕል ከሰሌዳው በፊት

በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ 12 የፎቶግራፍ መሣሪያዎችን በተርታ አቁመው የሚሮጥ ፈረስ አነሡ። ዓይን ሊለየው ያልቻለው ነገር፣ ይኸውም ፈረሱ በሩጫው መካከል አራቱንም ኮቴዎች ከመሬት የሚያነሣበት ጊዜ መኖሩ፣ በሥዕሎቹ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ፈጣን እንቅስቃሴ ተከፋፍሎ ሊጠና የሚችል ነገር ሆነ።

ይህን ዘዴ በበረዶ ስፖርት ላይ ከሠሩበት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው የሥነ ምድር ምሁር ዶክተር አርኖልድ ፋንክ ናቸው። በ1920 ስለ በረዶ መንሸራተቻ ተአምር የሚናገር ርእስ ያለው ፊልም አሳዩ፤ በ1925 ደግሞ ከኦስትሪያዊው የስኪ መምህር ከሐነስ ሽናይደር ጋር ሆነው በዚሁ ስም መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ከፊልም በተወሰዱ ተከታታይ ሥዕሎች የተሞላ ስለ ነበረ አንባቢው አንድን መዞር ከመነሻው እስከ መድረሻው በየደረጃው ሊመለከት ይችል ነበር። ሽናይደር ግን በሥዕል ብቻ አላስተማሩም። በሴንት አንቶን መንደር በነበራቸው ትምህርት ቤት ተማሪዎችን በችሎታቸው በክፍል ለያይተው በየደረጃው ያሳልፉ ነበር። እንግዲህ ሥዕልና መምህር ከመነሻው የተለያየ ሥራ ነበራቸው ማለት ነው፤ ሥዕሉ ተማሪው ምን መምሰል እንዳለበት ሲያሳየው፣ መምህሩ ደግሞ በዚያች ሰዓት ምን እንደሚመስል ይነግረው ነበር።

መምህር ያልነበረው ስፖርት

በ1965 የገና ዕለት በአሜሪካ ሚሺገን ክፍለ ሀገር፣ በመስኪገን ከተማ የሚኖሩት ኢንጂነር ሸርማን ፖፐን ልጆቻቸውን ለማጫወት ሁለት የስኪ ጣውላዎችን ጎን ለጎን አጋጥመው አሰሩ። ባለቤታቸው ናንሲ አሻንጉሊቱን ‹‹ስነርፈር›› ብለው ሰየሙት። እግር የሚታሰርበት ነገር አልነበረውም፤ ተንሸራታቹ ከሰሌዳው ጫፍ የተያያዘ ገመድ ጨብጦ ይቆም ነበር። ይህ መጫወቻ ለብዙኃን ተሽጦ የአንድን ትውልድ ልጆች አለማመደ። ከእነዚህም አንዱ ጄክ በርተን ካርፔንተር ሲሆን፣ በ1977 በቨርሞንት ክፍለ ሀገር የራሱን ሰሌዳዎች መሥራት ጀመረ። በካሊፎርኒያም ቶም ሲምስ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራ ነበር። እግር በሰሌዳው ላይ በጥብቅ ሲታሰር ሰሌዳው የሰውነት ክፍል ያህል ታዛዥ ሆነ፤ ዝላይም ተቻለ።

ይሁን እንጂ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አብዛኛዎቹ የአሜሪካ የስኪ ማዕከሎች ሰሌዳውን ወደ ተራራቸው አያስገቡም ነበር። በቨርሞንት የሚገኘው ስትራተን ተራራ በ1983 በሩን ሲከፍት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። ተራራ የተከለከለ ስፖርት መምህር ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ ወጣቶቹ ዝላዩን የቀዱት በመንገድና በሲሚንቶ ገንዳዎች ውስጥ ይካሄድ ከነበረው ከስኬትቦርድ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ የስኬትቦርድ ተጫዋቹ ማይክ ማክጊል በ1984 የፈጠረው ተገልብጦ 540 ዲግሪ የመዞር ዝላይ ‹‹ማክትዊስት›› የሚለውን ስሙን እንደ ያዘ ወደ በረዶ ተሻገረ። አንዱ ወጣት ይሞክራል፤ ሌላው ቆሞ ያያል፤ ከወደቀም ለምን እንደ ወደቀ ይነግረዋል። ባልንጀራው መምህሩ ነበር።

ከካሴት ወደ ኢንተርኔት

ቪኤችኤስ የተባለው የቪዲዮ ካሴት በ1976 ገበያ ላይ ዋለ። ካሴቱ እየተስፋፋ ሲሄድ በ1990ዎቹ የስኖውቦርድ ፊልሞች ከአገር አገር መዘዋወር ጀመሩ። ከተራራው ርቆ የሚኖር ወጣት የተዋጣላቸውን ስፖርተኞች እያቆመና እያጠነጠነ ደጋግሞ ያያቸው ጀመር። ስፖርቱም በ1998 በናጋኖ ኦሎምፒክ ሲገባ፣ ቧንቧ ከቁመቱ ተሰንጥቆ የተጋደመ በሚመስለው በሃፍፓይፕ የበረዶ ቦይ ውስጥ የሚደረገው ዝላይ በቴሌቪዥን ለዓለም ታየ።

ካሴቱ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው። የተዘጋጀው ለመዝናኛ ስለ ነበረ የሚያሳየው የተሳካውን ዝላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት በርካታ ያልተሳኩ ሙከራዎች ተቆርጠው ቀርተዋል። ተመልካቹ ውጤቱን እንጂ ወደ ውጤቱ ያደረሰውን ደረጃ አያይም።

ዩቲዩብ በ2005 ከተቋቋመ በኋላ ይህ ጉድለት በከፊል ተቃለለ። በካናዳ ዊስለር እንደ ተመሠረተው ስኖውቦርድ አዲክሽን ያሉ ድርጅቶች አንድን ዝላይ በየክፍሉ በትነው፣ መጀመሪያ በሜዳ ላይ፣ ቀጥሎ በትንሽ ጉብታ፣ በመጨረሻም በትልቁ እንዴት እንደሚሞከር የሚያሳዩ ትምህርታዊ ቪዲዮዎችን አቀረቡ። በትራምፖሊን ላይ የሚሠራበት የመለማመጃ ሰሌዳም ተሠራ። የሽናይደር የክፍል ሥርዓት በአዲስ መልክ ተመለሰ ሊባል ይችላል፤ ልዩነቱ ተማሪውን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያሳልፈው ራሱ ተማሪው መሆኑ ነው።

የሽክርክሪት ሕግና የግብረ መልስ ጉዳይ

ይህ ልዩነት ቀላል አለመሆኑን የሜካኒክስ ሕግ ያስረዳል። ሰሌዳው ከበረዶው ከተለቀቀበት ቅጽበት ጀምሮ በስፖርተኛው ላይ የሚሠራው ዋና ኃይል የመሬት ስበት ነው። ስበትም በሰውነቱ የክብደት ማዕከል በኩል ስለሚያልፍ ሽክርክሪቱን አይጨምርም፣ አይቀንስምም። ስፖርተኛው ክንዱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ፍጥነቱን ሊያሳድግ፣ ዘርግቶም ሊያዘገየው ይችላል እንጂ በበረዶው ላይ ሳለ ያላገኘውን የመሽከርከር ሞመንተም በአየር ላይ አይፈጥረውም። ከዚህም የተነሣ በማረፍ ጊዜ የሚታየው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የተፈጸመው በመነሣት ጊዜ ነው። ጀማሪ ተመልካች ግን ዓይኑን የሚተክለው በዝላዩ መካከል፣ ማለትም በጣም በሚያምረውና እምብዛም ሊታረም በማይችለው ክፍል ላይ ነው።

ጊዜውም አጭር ነው። ተነሥቶ በዚያው ከፍታ የሚያርፍ ሰው አንድ ሰከንድ በአየር ላይ ለመቆየት 1.2 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። በዚያች ሰከንድ አንድ ሙሉ ዙር ቢዞር፣ በሰከንድ 30 ሥዕል የሚያነሣ ካሜራ በየ12 ዲግሪው አንድ ሥዕል ያገኛል። የመነሣቱ ወሳኝ እንቅስቃሴ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ቢፈጅ፣ የሚቀሩት ሦስት ሥዕሎች ብቻ ናቸው። በ2014 በሰከንድ 240 ሥዕል የሚያነሡ የኪስ ስልኮች ለገበያ ሲቀርቡ ሦስቱ ሥዕሎች 24 ሆኑ። ቀድሞ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ይጠይቅ የነበረው ምርመራ በተማሪው ኪስ ውስጥ ገባ።

ነገር ግን ጥሩ ሥዕል ብቻውን ትምህርት አይሆንም። ኖርበርት ዊነር በ1948 ስለ ሳይበርኔቲክስ ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ማሽንም ሆነ ሕይወት ያለው አካል ወደ ዓላማው የሚደርሰው የሥራው ውጤት ተመልሶ ሲነገረው ነው። የሥነ ልቡና ምሁሩ ጃክ አዳምስም በ1971 ይህንኑ የዝግ ዑደት ሐሳብ ለእንቅስቃሴ ትምህርት አውለውታል። በዚህ መለኪያ ሲታይ የሌላውን ሰው ዝላይ ብቻ የሚመለከት ተማሪ በክፍት ዑደት ውስጥ ይገኛል፤ ትእዛዝ ይቀበላል እንጂ የራሱ ውጤት ተመልሶ አይደርሰውም። ግብረ መልስ የሚሰጠው መሬቱ ብቻ ነው።

የስሕተት ዋጋ

መሬቱ የሚሰጠው እርማት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በቫንኩቨር ኦሎምፒክ ዋዜማ ታየ። በዚያን ወቅት በሃፍፓይፕ ውስጥ ሁለት ጊዜ አጋድሎ የመገልበጥ ዝላይ የውድድሩ መመዘኛ ሆኖ ነበር። ሾን ኋይት በ2009 በኮሎራዶ ሲልቨርተን ተራራ ላይ በተሠራለት የግል ቦይ፣ በስፖንጅ ቁራጮች በተሞላ ጉድጓድ ላይ እየወደቀ ዝላዩን ተለማመደ፤ በ2010ም ወርቅ ወሰደ። ተፎካካሪው ኬቨን ፒርስ ግን በዲሴምበር 31 ቀን 2009 በዩታ ፓርክ ሲቲ ይህንኑ የመሰለ ዝላይ ሲለማመድ በጭንቅላቱ ወደቀ። የራስ ቁር አጥልቆ ነበር፤ ሆኖም አንጎሉ በጽኑ ተጎዳ። ሕይወቱ ቢተርፍም ወደ ውድድር አልተመለሰም።

ፒርስ በዓለም ከታወቁት ስፖርተኞች አንዱ እንጂ በቪዲዮ የሚማር ጀማሪ አልነበረም። ይህም ትምህርቱን የበለጠ ያጠነክረዋል። ዝላዩን በሚገባ የሚያውቅ ሰው እንኳ አንድ ስሕተት እንዲህ ካስከፈለው፣ ከቤቱ ጓሮ በሠራው ጉብታ ላይ ብቻውን የሚሞክር ወጣት አደጋው ምን ያህል እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው የሜካኒክስ ምሁር ሞንት ሀባርድ ስለ ዝላይ ጉብታዎች ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ የማረፊያው ተዳፋት ከበረራው አቅጣጫ ጋር ሲቀራረብ ወደ በረዶው የሚደረገው ግጭት ይቀንሳል። ሜዳ ላይ የሚያርፍ ሰው ግን ከሦስት ሜትር ከፍታ ቢወርድ በሰከንድ 7.7 ሜትር ያህል ፍጥነት ቁልቁል ይመታል። ጓሮው ሜዳ ነው፤ በቪዲዮው ላይ የሚታየው ማረፊያ ግን ተዳፋት ነው፤ ካሜራውም አብዛኛውን ጊዜ ቁልቁለቱን አሳንሶ ያሳያል።

ሁለት አቅጣጫ ያለው ሥዕል

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ሥዕሉን ወደ ኋላ መላክ ነው። ተማሪው የራሱን ዝላይ አንሥቶ በሩቅ ላለ አሠልጣኝ ይልካል፤ አሠልጣኙ ሥዕሉን አዘግይቶ ይመለከታል፣ በትከሻውና በሰሌዳው ላይ መስመር እየሳበ ጉድለቱን ያመለክታል፣ መልሶም ይልከዋል። በዚህ ዑደቱ ይዘጋል።

የሌሎች ስፖርቶች ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል። ኬንያዊው ጦር ወርዋሪ ጁሊየስ ዬጎ የታላላቆቹን አወራወር በዩቲዩብ ተመልክቶ መማሩ በሰፊው ይታወቃል፤ በ2015 በቤይጂንግ 92.72 ሜትር ወርውሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን በመካከሉ ወደ ፊንላንድ ኩኦርታኔ ተጉዞ በአሠልጣኝ ዓይን ሥር መለማመዱ ነው። ቪዲዮው በሩን ከፈተለት፤ ከበሩ ወዲያ ደግሞ የሚመለከተው ሰው አስፈለገው።

በሩቅ የሚሰጠው እርማት ሁለት ድክመት አለው። አንደኛው መዘግየት ነው። በቁጥጥር ምሕንድስና እንደሚታወቀው ዘግይቶ የሚደርስ ግብረ መልስ ሥርዓትን ሊያናውጥ ይችላል፤ መልሱ ከሁለት ቀን በኋላ ሲመጣ ተማሪው ስሕተቱን ደጋግሞ ልማድ አድርጎት ይቆያል። ሁለተኛው፣ አሠልጣኙ ሥዕሉን እንጂ ተራራውን አለማየቱ ነው። በረዶው በሌሊት ደርቆ እንደ ድንጋይ መጠጠሩን፣ ነፋሱን፣ የተማሪውን ድካምና ፍርሃት ሥዕሉ አይነግረውም። ከፊት የቆመ መምህር ‹‹ዛሬ ይቅር›› ሊል ይችላል፤ በሩቅ ያለው ግን ይህን የሚልበት መረጃ የለውም።

ስለዚህ በሩቅ የሚሰጠው ትምህርት የተዋጣለት የሚሆነው መዘግየቱ ጉዳት በማያስከትልበት ቦታ ሲሠራበት ነው። ተማሪው በትራምፖሊን ላይ፣ በአየር በተነፋ ፍራሽ ላይ፣ ወይም ጉልበት በማይደርስ ጉብታ ላይ ቢሳሳት ጊዜ እንጂ አካል አያጠፋም፤ እርማቱም እስኪደርስ መቆየት ይችላል። በ2025 ጃንዋሪ ጃፓናዊው ሂሮቶ ኦጊዋራ በአስፐን ውድድር 2340 ዲግሪ፣ ማለትም ስድስት ዙር ተኩል ዞሮ በእግሩ አርፏል። ያንን ዝላይ ዛሬ በማንኛውም አገር ያለ ልጅ በስልኩ ማየት ይችላል። ሥዕሉ የማያሳየው ከዚያ ዝላይ በፊት የነበሩትን የልምምድ ዓመታት ነው።

አበው ‹‹ከመጠምጠም መማር ይቅደም›› ሲሉ ስለ ሻሽ እንጂ በአየር ላይ ስለ መጠምጠም አልተናገሩም። ሆኖም ቃላቸው ለዚህ ስፖርት የሚስማማ ነው፤ ሥዕል ወደ ሥራ ቦታ ልኮ ስለ ውጤቱ ተመልሶ ለማይጠይቅ መሐንዲስም እንዲሁ።