በወቄት የተመዘነው ወርቅና የጎደለው እኩልታ

የቤኒሻንጉልን ወርቅ ታሪክ የሚያነብ ሰው ደጋግሞ የሚያገኘው ክብደት ነው፤ ይህን ያህል ወቄት ተገበረ፣ ያን ያህል ወቄት ተሸጠ። ወርቁ ብዙ ባለ ሥልጣን አስመኝቷል። የግብጹ ገዥ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ካጓጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። በ1838 ኦስትሪያዊውን የከርሰ ምድር አጥኚ ዮሴፍ ሩሴገርን ወደ ወርቁ አገር ላከ፤ አልጠግብ ብሎ ከዚያው ዓመት ማብቂያ ጀምሮ በስተርጅናው ራሱ በሱዳን እስካለው ፋዙግሊ ድረስ ተጓዘ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን አካባቢውን ለአፄ ምኒልክ ካስገበሩ በኋላ የአሶሳው ሼክ ሆጀሌ አልሐሰን ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የሚከፍሉት ግብር ወርቅ ሆነ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የድንበር ውልም ቤኒሻንጉልን በኢትዮጵያ ወገን አስቀረ። ይህ ሁሉ በደንብ የተጻፈ ታሪክ ነው። የማይጻፈው ግን በዚያ ሁሉ ወቄት ውስጥ ወርቁ ስንት እንደነበረ ነው፤ ክብደት ብቻ የያዘ መዝገብም ይህን ሊነግረን ከቶ አይችልም ባይ ነኝ።

ከአሸዋ ታጥቦ የሚወጣ ወርቅ ከተፈጥሮው ብር የተባለውን ማዕድን አዝሎ ይወጣል፤ የብሩ ድርሻ ደግሞ ከወንዝ ወንዝ ይለያያል። በምኒልክ ዘመን አንድ ወቄት የሚባለው የአንድ ማርያ ትሬዛ ብር ክብደት፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ ነበር። (መመዘኛው ራሱ ቅይጥ መሆኑ ፈገግ ያሰኛል፤ ከሺህ 833 እጁ ብቻ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ለሚዛኑ ግን ለውጥ የለውም።) በአንድ ወቄት ውስጥ ያለውን ንጹሕ ወርቅ «ወ»፣ ብሩን «ብ» ብንለው ከሚዛኑ የምናገኘው ወ + ብ = 28 ብቻ ነው። 27 እና 1 ይስማማዋል፤ 20 እና 8ም ይስማማዋል፤ በመካከላቸው ያለው ቁጥር ሁሉ ይስማማዋል። መዝገቡ ቢበዛስ? አንዱ በአረብኛ፣ ሌላው በአማርኛ፣ አንዱ በወቄት፣ ሌላው በግራም ተጽፎ ቢገኝ ነገሩ አይለወጥም። 2ወ + 2ብ = 56 ብሎ መጻፍ የመጀመሪያውን በሁለት ማባዛት ነው። ምንጮቹ እርስ በርስ መስማማታቸው የክብደቱን እውነተኛነት ያጠነክር ይሆናል፤ ስለ ጥራቱ ግን ቅንጣት አይጨምርም።

«ዋጋውስ?» የሚል ይኖራል። ነጋዴ ሞኝ አይደለምና ለወርቁ የተከፈለው ገንዘብ ጥራቱን ያሳያል የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ነገር ግን ዋጋው አስቀድሞ በወቄት ተቆርጦ ከሆነ የገንዘቡ ድምር ያንኑ ክብደት በቋሚ ቁጥር ማባዛት ነው፤ ሌላ ልብስ የለበሰ ያው እኩልታ ነው። ዋጋ ሁለተኛ ምስክር የሚሆነው ገዢው ጥራቱን ለይቶ፣ ለንጹሑ አንድ፣ ለቅይጡ ሌላ ሲከፍል ብቻ ነው። በሁለት ገበያ መካከል የታየን የዋጋ ልዩነት ይዞ ወደ ጥራት መዝለልም አያዋጣም፤ የመንገዱ ርቀት፣ የቀረጡ መጠን፣ የፈላጊው ብዛት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ያልታወቀ ቁጥር ይዘው ይመጣሉና።

እውነተኛውን ሁለተኛ እኩልታ ውሃ ይሰጣል። ሮማዊው ቪትሩቪየስ እንደጻፈው በ3ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የሲራኩሱ አርኪሜዲስ የንጉሡን አክሊል የመረመረው በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1121 አልኻዚኒ የተባለው የመርቭ ሊቅ ስለ ሚዛን በጻፈው መጽሐፍ የቅይጥን ድርሻ በውሃ ሚዛን መለየትን በዝርዝር አስቀምጧል። አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ወርቅ 19.3 ግራም፣ ያንኑ የሚያህል ብር 10.5 ግራም ይመዝናል። እንግዲህ 28 ግራም የሚመዝን ድብልብል ወርቅ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲመዘን 26.4 ግራም ቢሆን፣ የቀለለው 1.6 ግራም ወርቁ የገፋው ውሃ ክብደት በመሆኑ ይዘቱ 1.6 ኩብ ሴንቲ ሜትር መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ ወ/19.3 + ብ/10.5 = 1.6 ይሆናል። ይህን በ19.3 ብናባዛው ወ + 1.838ብ = 30.88 እናገኛለን። ከዚህ ላይ ወ + ብ = 28ን ስንቀንስ «ወ» ይጠፋና 0.838ብ = 2.88 ይቀራል፤ ብሩ 3.4 ግራም ገደማ፣ ወርቁ 24.6 ግራም ገደማ ነው ማለት ነው። ከመቶ 88 እጅ ያህል ወርቅ። ሚዛኑ ብቻውን ለማንም ሊነግር ያልቻለው ይህንን ነው።

የአገሩ ወርቅ ነጋዴ ያለ አልጀብራም በመፈተኛ ድንጋይና በእሳት ጥራቱን ያውቅ ነበር የሚል ካለ አልከራከረውም። እንዲያውም ሐሳቤን ያጠነክረዋል፤ ድንጋዩና እሳቱ ከሚዛኑ የተለየ ነገር የሚናገሩ በመሆናቸው ሁለተኛ እኩልታ ናቸው። ችግሩ የእጅ ሙያ የገለጠው ነገር በመዝገብ ሳይሰፍር መቅረቱ ነው። ይበልጥ የሚያስቸግረው ሌላ ተቃውሞ ነው። ወርቁ መዳብም ሊኖርበት ይችላል፣ ብናኝ ከሆነ ጥቁር አሸዋም ይቀላቀለዋል፤ ያኔ ያልታወቁት ሦስት ወይም አራት ይሆናሉ፣ ሁለት እኩልታም አይበቃም። ልክ ነው። በዚያ ላይ ለአንድ ወቄት ውሃው በጣም ስስ ምስክር ነው። ይዘቱን ስንለካ 0.05 ኩብ ሴንቲ ሜትር ብንስት የብሩ ስሌት ከ1 ግራም በላይ ይዛባል፣ ይህም ከወቄቱ 4 በመቶ ገደማ ነው። አሥር ወቄት በአንድ ላይ ቀልጦ ቢመዘን ግን ያው ስሕተት ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ዘዴው ለቀለጠ ትልቅ ወርቅ እንጂ ለአንድ ቁንጥር ብናኝ የሚታመን አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ለታሪክ ጸሐፊው ቀላል ሥራ አይደለም። የሼክ ሆጀሌን ግብር ከኋለኛው ዘመን ምርት ጋር በወቄት ብቻ የሚያነጻጽር ሰንጠረዥ ወርቅን ከወርቅ ሳይሆን አንዱን ቅይጥ ከሌላው ቅይጥ ጋር እያነጻጸረ ነው። የብሔራዊ ባንክ የወርቅ መግዣ ዋጋ ዛሬ በካራት ተለይቶ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ አሁን ከአሶሳና ከኩርሙክ አካባቢ ለሚቀርበው ወርቅ ክብደቱ ከነካራቱ ሊመዘገብ ይችላል። ለቀደመው ዘመን ግን የሚፈለገው ሌላ የክብደት መዝገብ አይደለም፤ የቀለጠበት ቤት ወይም የገዛው ነጋዴ ስለ ጥራቱ የጻፈው አንዲት መስመር ነች።