የእንግዳ ተቀባዩን ቤት ስለ መመርመር
በእንግሊዝ አገር ከ1938 እስከ 2022

መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ መቀበሉ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በዚህ ልማድ ጥርጣሬ ቢኖር በእንግዳው ላይ ነው እንጂ ባለቤቱ ማን ነው፤ ቤቱስ እንዴት ያለ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንግዳው አንድ ሌሊት አድሮ የሚሄድ ሲሆን ይህ ብዙ አያሳስብም። ነገር ግን እንግዳው አገሩን የለቀቀ፣ ቋንቋውን የማያውቅና የሚሄድበት ሌላ ደጅ የሌለው ስደተኛ ሲሆን፣ የሚቆየውም ለወራት ወይም ለዓመታት ሲሆን ጥያቄው ወደ ባለቤቱ ይዞራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄው በእንግሊዝ አገር ያለፈበትን መንገድ ለመመልከት እንሞክራለን። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እንደሚታወቀው በኅዳር ወር 1938 ከ9 እስከ 10 ባለው ሌሊት በጀርመንና በኦስትሪያ ምኵራቦች ተቃጠሉ፤ የአይሁድ ሱቆችና ቤቶችም ተዘረፉ። በዚያው ወር በ21 ቀን የእንግሊዝ ፓርላማ በነገሩ ተወያየ፤ መንግሥቱም ሕፃናት ያለ ወላጆቻቸው በጊዜያዊነት እንዲገቡ ፈቀደ። ወጪውን ግን የመንግሥት ግምጃ ቤት አልቻለም፤ የበጎ አድራጎት ማኅበራት እንዲችሉት፣ ለእያንዳንዱም ልጅ 50 ፓውንድ ዋስትና እንዲቀርብ ተደረገ። የመጀመሪያዎቹ 200 ያህል ልጆች በታኅሣሥ 2 ቀን ሃሪች ወደብ ደረሱ። ጦርነቱ በመስከረም 1939 እስኪጀመር ድረስ የገቡት ወደ 10,000 ይጠጋሉ።

እነዚህን ልጆች የሚቀበል ቤት ለማግኘት በሬዲዮ ጥሪ ተደረገ፤ በጥቂት ጊዜም ውስጥ 500 ያህል ቤተ ሰቦች ፈቃደኛ መሆናቸውን ገለጡ። የስደተኛ ሕፃናት ንቅናቄ የተባለው ማኅበር በጎ ፈቃደኞች ቤቶቹን እየዞሩ አዩ። ሆኖም ቤቱ ንጹሕ ሆኖ ከታየ፣ ባለቤቶቹም የተከበሩ ከመሰሉ ይበቃ ነበር፤ ልጁን የፈለጉበት ምክንያትና የኋላ ታሪካቸው በጥልቀት አልተጠየቀም። ቤት ያልተገኘላቸው ልጆች በዶቨርኮርት የበጋ መዝናኛ ሰፈር በብርድ ተቀመጡ፤ ልጅ ፈላጊዎችም ወደዚያ እየመጡ በዓይናቸው የወደዱትን መርጠው ይወስዱ ነበር። ከልጆቹ ብዙዎቹ እንደ ወላጅ የሚወዷቸው ሰዎች አገኙ። ሌሎቹ ግን፣ በተለይም ከፍ ያሉት ሴቶች ልጆች፣ እንደ ቤት ሠራተኛ ተቆጠሩ፤ የተበደሉም ነበሩ። የአካባቢ ኮሚቴዎች ልጆቹን ይጎበኙ ነበር፤ ነገር ግን ጉብኝቱ እንደ ቦታውና እንደ ጎብኚው የተለያየ ነበር። ወላጅ ለሌላቸው ለእነዚህ ስደተኛ ልጆች በሕግ አሳዳሪ የሚሾም ደንብ የወጣውም በ1944 ነው።

እዚህ ላይ ፍርዳችን የተቸኮለ እንዳይሆን አንድ ነገር ልናስታውስ ይገባል። በመስከረም 1 ቀን 1939 ከፕራግ ሊነሣ የነበረው 250 ያህል ልጆች የተሳፈሩበት ባቡር ጦርነቱ በመጀመሩ ሳይነሣ ቀረ። በዚያን ዘመን የአንድ ሳምንት መዘግየት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ በሩን ፈጥኖ በመክፈቱ ሊወቀስ አይችልም።

የክትትል ጉድለት ምን እንደሚያስከትል ለእንግሊዝ ሕዝብ በግልጽ የታየው ስደተኛ ባልሆነ ልጅ ምክንያት ነው። በጥር 1945 የአካባቢ ባለ ሥልጣኖች በእርሻ ቤት ያስቀመጡት የ12 ዓመት ልጅ በአሳዳጊው ድብደባና በቸልታ ሞተ። ሰር ዋልተር መንክተን ያካሄዱት ምርመራ ልጁን የመከታተል ኀላፊነት የነበረባቸው ሁለት የአካባቢ መስተዳድሮች ሥራቸውን በሚገባ እንዳልፈጸሙ አሳየ። በ1946 የከርቲስ ኮሚቴ ስለ ሕፃናት አያያዝ ሰፊ ዘገባ አቀረበ፤ በ1948 የወጣውም የሕፃናት ሕግ በየመስተዳድሩ ለዚህ ሥራ ብቻ የተመደበ የሕፃናት ሹም እንዲኖር አደረገ። ከዚህ በኋላ የአሳዳጊውን ቤት መመልከት ለዚህ ሥራ በተመደበ ሹም የሚመራ የመንግሥት ግዴታ ሆነ።

በመጋቢት 2022 የዩክሬን ስደተኞችን በግል ቤት ለማስተናገድ ዕቅድ ሲወጣ የዚህ ለውጥ ፍሬ ታየ። አስተናጋጁ ቢያንስ ለ6 ወር ቤቱን እንዲሰጥ፣ በምስጋና መልክም በወር 350 ፓውንድ እንዲቀበል ተወሰነ። መስተዳድሮቹ በአካል ሄደው ቤቱን እንዲያዩ ታዘዙ፤ ክፍሉ አለመጨናነቁን፣ የጢስ ማስጠንቀቂያ ደወል መኖሩን፣ የጋዝ ምድጃው ደኅና መሆኑን ይመለከቱ ነበር። በቤቱ የሚኖሩት 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ሁሉ የወንጀል መዝገባቸው ይታይ ነበር፤ እንግዳው ልጆች ያሉት ከሆነም ምርመራው ይጠብቅ ነበር። ይህም ሁሉ ሆኖ አንዳንድ እንግዶች ምርመራው ሳያልቅ ደረሱ። በሚያዝያ ወር የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ብቻቸውን የመጡ ሴቶች ከወንደላጤዎች ጋር እንዳይመደቡ መንግሥቱን አሳሰበ። መዝገቡ ንጹሕ መሆኑ ብቻ ለአንዲት ብቸኛ ሴት በቂ መከላከያ እንዳልሆነ ማሳሰቢያው ያስረዳል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው እንግዲህ ይህ ነው። የወንጀል መዝገብ የሚናገረው ያለፈውንና የታወቀውን ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ጉብኝትም የሚያየው ለእንግዳ የተዘጋጀውን ቤት ነው። ከሦስት ወር በኋላ በዚያ ቤት ምን እንደሚሆን የሚያውቀው በውስጡ ያለው ስደተኛ ነው። እርሱም የሚተኛበትን አልጋ እንዳያጣ ሲፈራ ዝም ይላል። ስለዚህ የ1938ቱ ስሕተት በሩን ፈጥኖ መክፈት ሳይሆን፣ ከተከፈተ በኋላ በየቤቱ በእኩል እየተመላለሱ ልጁን ለብቻው አለመጠየቅ ነው ብለን እናምናለን። ስለ ስደተኛ አቀባበል የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ስንት ሰው ገባ ብለው ሲቈጥሩ፣ ከገባ በኋላ ደኅንነቱን ማን ጠየቀው የሚለውንም ጥያቄ እንዲጨምሩ አደራ እንላለን።