«አንቴና» እና «የእይታ መስመር»፦ ስለ ሁለት የሬዲዮ ስያሜዎች ታሪክ

ለ«አንቴና» የአማርኛ አቻ ሊያወጣ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ቃሉ የመጣበትን መንገድ ቢመረምር ድካሙ ይቀልለታል። ቃሉ በላቲን የመርከብ ሸራ የሚንጠለጠልበት አግዳሚ እንጨት መጠሪያ ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት ቴዎዶር ጋዛ የአርስቶትልን የእንስሳት መጻሕፍት ከግሪክ ወደ ላቲን ሲመልስ፣ ሦስት አጽቄዎች በግንባራቸው የሚሸከሙትን «ቀንድ» በዚሁ የመርከበኞች ቃል ተረጐመው፤ የግሪኩ ቃል ቀንድንም የሸራን እንጨትም ያመለክት ነበርና። በጣልያንኛ ደግሞ ለቆመ ምሰሶ ይነገር ስለ ነበር፣ የማርኮኒን ሽቦ የተሸከመው ምሰሶ በዚህ ስም ተጠራ፤ ስሙም ከምሰሶው ወደ ሽቦው ተሻገረ። ይህን ያህል ቤት የለዋወጠ ቃል በአማርኛም እንዳለ ቢገባ ነውር አናይበትም።

ይልቅስ የሚያሳስቡን አንቴናው ስለሚቆምበት ስፍራ የሚነገሩት ቃላት ናቸው። ማርኮኒ በዲሴምበር 12 ቀን 1901 (እ.ኤ.አ.) በኒውፋውንድላንድ፣ ሲግናል ሂል ከተባለው ኮረብታ ላይ፣ ሽቦውን በካይት ወደ ሰማይ አውጥቶ ከእንግሊዝ አገር ከፖልድሁ የተላከ ምልክት ሰማሁ አለ። እርግጥ የሚጠራጠሩት ሊቃውንት አልጠፉም። ምድር ክብ ሆና ሳለች ሞገዱ እንዴት ውቅያኖስ ተሻገረ? በ1902 (እ.ኤ.አ.) ኬኔሊና ሄቪሳይድ፣ በየፊናቸው፣ ሞገዱን የሚመልስ ንብርብር በላይኛው አየር ውስጥ መኖር አለበት ሲሉ መላ መቱ፤ ኋላም እውነት ሆኖ ተገኘ።

እጅግ አጭር ሞገድ ግን ከዚያ ንብርብር አይመለስም። በ1931 (እ.ኤ.አ.) በዶቨርና በካሌ መካከል 18 ሴ.ሜ. ገደማ ርዝመት ባለው ሞገድ የንግግር ግንኙነት ሲታይ፣ አንቴናዎቹ ፊት ለፊት መተያየት ነበረባቸው። ባለሙያዎቹ በእንግሊዝኛ የሚጠቀሙበትን ስያሜ ወደ አማርኛ ስንመልስ «የእይታ መስመር» አልነው። ትርጉሙ ቃል በቃል ትክክል ነው፤ ሆኖም ያሳስታል። ስያሜውን ያነበበ ተካይ፣ የማዶውን ማማ በመነጽር ካየ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ሞገድ እንደ ክር አይሄድም፤ መኻል ላይ ይሰፋል። ሁለት አንቴናዎች 50 ኪ.ሜ. ተራርቀው በ5 ሴ.ሜ. ሞገድ ቢገናኙ፣ በፈረንሳዊው ሊቅ በፍሬኔል ስም የሚጠራው ቀጠና እኩሌታው ላይ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ 25 ሜትር ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው፣ ይኸውም 15 ሜትሩ፣ ከእንቅፋት ነፃ እንዲሆን ይፈለጋል። የምድር ጥምዝ ደግሞ፣ አየር ሞገዱን በጥቂቱ ማጕበጡ ተቈጥሮ እንኳ፣ በዚያው ስፍራ 37 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ በደልዳላ ሜዳ ላይ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ማማዎች ከ52 ሜትር በታች ሊሆኑ አይገባም፤ መኻል ላይ ባሕር ዛፍ ካለማ የዛፉን ቁመት፣ የነገ እድገቱንም ጭምር መደመር ያስፈልጋል። ዛሬ በደኅና የሚሠራ መስመር ከዓመታት በኋላ ያለ ምክንያት የደከመ የሚመስለው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ስለዚህ «የሞገድ ጐዳና» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። መስመር ስፋት የለውም፤ ጐዳና ግን ስፋት አለው፤ ይጠረጋል፤ ሊዘጋም ይችላል። ሐረጉ ለባለሙያ አፍ ረዘም ይላል የሚል ተቃውሞ ደርሶናል፤ እውነትነት አለው። ለስሌቱ «የፍሬኔል ቀጠና» እንዳለ ይቀመጣል። «የእይታ መስመር»ም ከመዝገቡ አይፋቅም፤ ዐይን ብቻ ለሚበቃው ለቀያሹ ሥራ ይቈያል።