ለጥገና የቆመ ድንጋይ

በአገራችን ግድብ ሲመረቅ ድንጋይ ይተከላል፤ በድንጋዩም ላይ የመራቂው ባለሥልጣን ስምና ቀኑ ይቀረጻል። ግድቡን ከዓመታት በኋላ የጠገነውን ሰው የሚያስታውስ ድንጋይ ግን እኔ አላየሁም። እንዲህ ያለ ድንጋይ ለማግኘት ቀይ ባሕርን ተሻግረን ወደ ማሪብ መሄድ ይኖርብናል።

ዐፄ ካሌብ እ.ኤ.አ. በ525 በሂምያር ላይ ከዘመቱ በኋላ፣ በየመን ከቀረው የአክሱም ሠራዊት ከፊሉ ንጉሡ የሾሙትን ገዥ ገልብጦ አብርሃን አነገሠ። አብርሃ እ.ኤ.አ. በ548 ገደማ ያስቀረጸው ጽሑፍ ዋና ጉዳዩ የግድብ ጥገና ነው። የኪንዳ ሹም ዐመፀ፤ ዐመፁ ሳይበርድ የግድቡ መፍረስ ተሰማ፤ ሥራው ሲጀመር ወረርሽኝ ገባ፤ ሠራተኛው ለጊዜው ተሰናብቶ ኋላ ተመለሰና ጥገናው ተፈጸመ። የአክሱም፣ የሮምና የፋርስ መልእክተኞች መምጣት ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛው የቀረበው ዱቄትና ሥጋ ጭምር በድንጋዩ ላይ ተቆጥሯል።

የማሪብ ግድብ 600 ሜትር ገደማ ይረዝም ነበር፤ አካሉ ግን እንደ ዛሬዎቹ አነስተኛ የመስኖ ግድቦች የአፈር ቁልል ነው። በተደጋጋሚ እየፈረሰ ከ1000 ዓመት በላይ ያገለገለው በፈረሰ ቁጥር የሚጠግነው መንግሥት ስለነበረው ነው። ያ መንግሥት ሲዳከም ግድቡም ቀረ፤ እርሻውም ምድረ በዳ ሆነ። የዐረቦች ትውፊት ጥፋቱን በአይጥ ያመካኛል። ተረት ነው ብለን አንናቀው፤ የእንስሳት ጉድጓድ ዛሬም የአፈር ግድብ ጠላት ነው።

የዚህ ግድብ ሕመም አስቀድሞ ይታያል። ከግርጌው ጥርት ያለ ውኃ ቢያዥ በክትትል ይታለፋል፤ ውኃው ከደፈረሰ ግን የግድቡን አፈር ከውስጥ እየሸረሸረ ነው። የትርፍ ውኃ መውጫው በደለልና በቁጥቋጦ ከተደፈነ፣ የክረምት ጎርፍ በአናቱ ላይ ፈስሶ በሰዓታት ውስጥ ይንደዋል። መድኃኒቱ አካፋ፣ መጥረጊያና የሚመላለስ ዐይን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በትግራይ «ሳርት» በሚል አሕጽሮት የታወቀው ተቋም በ10 ዓመት 500 ግድቦች ለመሥራት አቅዶ ነበር። የተሠሩት ከዚያ እጅግ ያነሱ ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ውኃቸው ሰረገ፣ ወይም ከታሰበው ዘመን ቀድመው በደለል ተሞሉ። ሥራው ከንቱ ነበር አልልም፤ የሰረገው ውኃ እንኳ አንዳንድ ቦታ የታችኛውን ጉድጓድ አበርክቷል። ሆኖም ዕቅድ በቁጥር ሲለካ ቆጠራው በምረቃ ቀን ያበቃል፤ የግድቡ ዕድሜ ግን የሚጀምረው በዚያ ቀን ነው።

ገበሬው ይጠብቀው ማለት ቀላል ነው። መውጫውን ገበሬ ይጠርጋል፤ የደፈረሰ ውኃ የሚመረምር መሐንዲስና የሚያስጠግን በጀት ግን ከመንግሥት ይጠበቃል። ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ ስለሚቀጥለው ግድብ ሲነገረን ቁመቱን ከመጠየቃችን በፊት ይህን እንጠይቅ፦ በአሥረኛው ዓመት፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊት፣ ማን ያየዋል? ደመወዙንስ ማን ይከፍለዋል?